ጠርዙና እድፉ

የወፍ ኩስ በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚጠበቅ ዕቃ አይደለም። ያኔ ፕራግ ላይ ይሠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ማርቲን ፑሜራና ባልደረቦቻቸው ግን ሆን ብለው አስገቡት። ከግራፋይት ኦክሳይድ ጋር ቀላቀሉት፤ በከፍተኛ ሙቀት አጋሉት፤ የወጣውን ጥቁር ዱቄት ኤሌክትሮድ ላይ ቀብተው በዘርፉ የታወቁትን ሁለት ፈተናዎች አስፈተኑት። አንደኛው ከውሃ ሃይድሮጅን ማውጣት፣ ሁለተኛው የነዳጅ ሴል የሚሠራበትን የኦክስጅን ምላሽ ማፋጠን ነው። ዱቄቱ ግራፊን፣ ማለትም አንድ አቶም ብቻ የሚወፍር የካርቦን ንጣፍ ነው፤ ኩስ የተቀላቀለበት ግራፊን ምንም ያልተቀላቀለበትን ግራፊን በለጠው።

ውጤቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 መጀመሪያ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) «ኤሲኤስ ናኖ» በተባለው የተከበረ መጽሔት ላይ ወጣ። ርእሱ ጨዋ አልነበረም። ግራፊን ውስጥ ያገኘነውን ቆሻሻ ሁሉ ብንጨምር ኃይሉ ይጨምር ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከሳቁ ኋላ ግን ስሌት አለ። ተመራማሪዎች ለዓመታት ግራፊን ላይ ናይትሮጅን ጨምረው «ተሻሻለ»፣ ድኝ ጨምረው «ተሻሻለ»፣ ቦሮን ጨምረው «ተሻሻለ» እያሉ ሲያሳትሙ ኖረዋል። የፕራጎቹ ሰዎች እንዳሰሉት፣ ሊሞከሩ የሚችሉት ንጥረ ነገሮች 84 ቢሆኑ፣ አንድ በአንድ እየጨመሩ 84 ጽሑፍ ማውጣት ይቻላል። ሁለት ሁለቱን ማጣመር ከተጀመረ 3,486 ጽሑፍ፣ ሦስት ሦስቱን ከሆነ 95,284፣ አራት አራቱን ከሆነ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ። የወፍ ኩስ ደግሞ ናይትሮጅኑንም፣ ፎስፈረሱንም፣ ድኙንም አንድ ላይ ይዞ ይመጣል፤ ያውም በርካሽ።

ቀልዱ የተወረወረው በግራፊን ላይ ሳይሆን በግራፊን ስም በሚጻፈው ላይ ነው። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ከግራፊንም የቆየ ነው። አንድ የካርቦን ገጽ አንድን ሞለኪውል ለይቶ ሲለካ ሥራውን የሚሠራው የትኛው ክፍሉ ነው? ንጹሑና ልሙጡ መሐሉ? የተቀደደው ጠርዙ? ወይስ ማንም ሳያውቅ የገባበት እድፍ? በደም ውስጥ ያለውን ስኳር፣ በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን፣ በአንጎል ውስጥ ያለውን ዶፓሚን እንለካለን የሚሉ መሣሪያዎች ሁሉ የሚቆሙትና የሚወድቁት በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ካርቦን ለረጅም ጊዜ አልማዝና ግራፋይት በተባሉ ሁለት መልኮቹ ብቻ ይታወቅ ነበር። በ1985 ሂዩስተን በሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ሃሮልድ ክሮቶ፣ ሮበርት ከርልና ሪቻርድ ስሞሊ ግራፋይትን በሌዘር ሲመቱ 60 አቶሞች ክብ ሆነው የተጋጠሙበትን ሞለኪውል አገኙ። ፉለሪን ተባለ፤ በ1996 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። በ1991 ደግሞ በጃፓኑ ኤንኢሲ ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩት ሱሚዮ ኢጂማ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር ቀጫጭን የካርቦን ቱቦዎችን፣ ናኖቲዩቦችን፣ አዩና ለዓለም አስተዋወቁ። ለዓለም ይባል እንጂ፣ ሁለት የሶቪየት ተመራማሪዎች፣ ራዱሽኬቪችና ሉክያኖቪች፣ መሰል ቱቦዎችን ፎቶግራፍ አንስተው በ1952 በሩሲያኛ መጽሔት አሳትመው ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ያንን መጽሔት ከምዕራቡ ወገን ያነበበው ጥቂት ነው። የድሬስደን ተመራማሪዎች እንዲያውም በ2006 በአንድ የቆየ የደማስቆ ሰይፍ ብረት ውስጥ የካርቦን ናኖቲዩብ አግኝተዋል፤ ባለእጁ አንጥረኛ ምን እንደሠራ ሳያውቅ ሠርቶት አልፏል።

ቀጥሎ ማንቸስተር መጣ። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በ2004 አንድ አቶም ብቻ የሚወፍር የካርቦን ንጣፍ ለይተው ማውጣታቸውን አሳወቁ። መሣሪያቸው ስኮች ፕላስተር ነበር። ግራፋይትን የሚመረምሩ ሰዎች የላይኛውን ገጽ ለማንሳት ፕላስተር ለጥፈው ይገነጥሉና ፕላስተሩን ይጥሉታል። ማንቸስተሮች የሚጣለውን አነሡት፤ የተጣበቀበትን ስስ ልጣጭ ደግመው ደጋግመው እያሳሱ ወደ መጨረሻው ንጣፍ ደረሱ። በ2010 ኖቤል ተሸለሙ።

የእነዚህን ነገሮች ዝምድና ለማየት ሰሌንን ማሰብ ይበቃል። የተዘረጋው ሰሌን ግራፊን ነው፤ ሰሌኑ ሲጠቀለል ናኖቲዩብ ይሆናል፤ ብዙ ሰሌን ተደራርቦ ሲቀመጥ ደግሞ በእርሳስ ጫፍ ላይ ያለው ተራ ግራፋይት ነው። የሰሌኑ መሐል ጥብቅ ሆኖ የተታታ ስለሆነ የሚንጠለጠል ነገር የለውም፤ ጠርዙ ግን ክሩ የተፈታ፣ ያገኘውን የሚይዝ ነው። ኬሚስቶቹን ለአሥርተ ዓመታት ያከራከራቸው ይኸው የመሐልና የጠርዝ ልዩነት ነው።

ከክርክሩ በፊት ግን ካርቦን ያለ ጥርጥር ያሸነፈበትን ቦታ ማየት ይገባል። ቦታው ጤና ጣቢያ ነው። ነርሷ «እማማ፣ ጣትዎን ይስጡኝ» ትላለች፤ በመርፌ ትወጋለች፤ የወጣችውን ጠብታ በስኳር መለኪያው ስትሪፕ ጫፍ ላይ ታስነካለች። ደሙ ከአንድ ማይክሮሊትር ያነሰ ቢሆንም ይበቃል፤ በአምስት ሰከንድ ገደማ ቁጥሩ ይወጣል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ብዙ ነገር ይሆናል። ስትሪፑ ላይ የደረቀ ኤንዛይም ከግሉኮሱ ኤሌክትሮን ይወስዳል። ኤንዛይሙ ግን ትልቅ ፕሮቲን ነው፤ የወሰደውን ኤሌክትሮን ጥልቅ ውስጡ ስለሚይዘው በቀጥታ ለኤሌክትሮዱ ማቀበል አይሆንለትም። ስለዚህ መሐል ላይ ትንሽ ተላላኪ ሞለኪውል ይገባል፤ ከኤንዛይሙ ይቀበላል፣ ለኤሌክትሮዱ ያስረክባል፣ ተመልሶ ይመጣል። በእጅ የተያዘችው መሣሪያ የምትቆጥረው ይህንን የኤሌክትሮን ፍሰት ነው። ስኳሩ በበዛ ቁጥር ፍሰቱ ይበዛል።

ሐሳቡን የጀመሩት አላባማ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሊላንድ ክላርክ ናቸው፤ በ1962 ከቻምፕ ላየንስ ጋር ሆነው ኤንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር የማጣመርን መንገድ አቀረቡ። ተላላኪውን፣ ፌሮሲን የተባለውን ብረት ያለበት ሞለኪውል፣ በ1984 ያስገቡት የኦክስፎርድና የክራንፊልድ ተመራማሪዎች ናቸው፤ በ1987 «ኤግዛክቴክ» የተባለችው የብዕር መልክ ያላት መለኪያ ገበያ ላይ ወጣች። የብዙዎቹ ስትሪፖች ኤሌክትሮድ የሚሠራው እንደ ቲሸርት ጽሑፍ በወንፊት በሚታተም የካርቦን ቀለም ነው። ቀለሙ ግራፋይት፣ ካርቦን ብላክ የሚባለው የፋብሪካ ጥላሸትና ማጣበቂያ ነው። ጥላሸትን ከሙጫ ጋር አዋሕደው ብራና ላይ ይጽፉ ለነበሩት የኢትዮጵያ ቁም ጸሐፊዎች አሠራሩ እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር።

ስትሪፑ አንዴ ያገለግላል፣ ይጣላል። ብክነት ይመስላል፤ ለታማሚውም ወጪ ነው። በሳይንሱ በኩል ግን የዘርፉን ትልቁን ችግር የፈታው ይህ መጣል ነው።

ችግሩን ለመረዳት እንደገና ፕራግ መሄድ ግድ ነው፤ ይህን ጊዜ በ1922። ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ ከቀጭን የመስታወት ቱቦ ጫፍ ሜርኩሪ በጠብታ በጠብታ እያንጠባጠበ፣ ቮልቴጁን ቀስ በቀስ እየቀየረ፣ የሚያልፈውን ከረንት ይመዘግብ ነበር። እያንዳንዱ በውሃ ውስጥ የተሟሟ ነገር ኤሌክትሮን የሚቀበልበት ወይም የሚሰጥበት የራሱ ቮልቴጅ አለው፤ ከረንቱ በየትኛው ቮልቴጅ ላይ እንደጨመረ ማየት የነገሩን ማንነት፣ ምን ያህል እንደጨመረ ማየት ደግሞ መጠኑን ይነግራል። ፖላሮግራፊ የተባለው ይህ ዘዴ በ1959 ኖቤል አሸለመው። የሜርኩሪ ጠብታ ታላቅ ጸጋው አዲስነቱ ነው። ጠብታው ይወድቃል፣ ከኋላው ምንም ያልነካው ሌላ ጠብታ ይመጣል። ትናንት የተለካው ነገር ዛሬ ላይ ዐሻራ አይተውም።

ሜርኩሪ ግን መርዝ ከመሆኑ ሌላ አንድ ድክመት ነበረበት። ቮልቴጁ ወደ ፖዘቲቭ ሲሄድ ራሱ ሜርኩሪው ኤሌክትሮን እየሰጠ መሟሟት ይጀምራል። ስለዚህ ኤሌክትሮን የሚሰጡትን፣ ማለትም አብዛኞቹን የሰውነት ሞለኪውሎች፣ ማየት አይችልም። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ራልፍ አዳምስ የሚንጠባጠብ ካርቦን ለመሥራት ፈለጉ። አልተሳካም። የግራፋይት ዱቄቱን ግን በዘይት ለውሶ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ መጠቅጠቅ ጥሩ ኤሌክትሮድ እንደሚሆን ታየና በ1958 አጭር ማስታወሻ አሳተሙ። የካርቦን ፔስት ኤሌክትሮድ እስከ ዛሬ በድሃም በሀብታምም ቤተ ሙከራ ውስጥ አለ። ገጹ ሲያረጅ ጥቂቱን ገፍቶ ማውጣት፣ ወረቀት ላይ ማለስለስ፣ እንደገና መጀመር ነው።

አዳምስ በኋላ ወደ አንጎል ዞሩ። በ1973 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የካርቦን ኤሌክትሮድን በአይጥ አንጎል ውስጥ አስገብተው ልኬት ወሰዱ። ዓላማቸው ዶፓሚንና መሰሎቹ ነበሩ፤ መጀመሪያ የታየው ምልክት ግን በአብዛኛው የቫይታሚን ሲ ሆኖ ተገኘ። እንቅፋቱ ዛሬም አለ። ቫይታሚን ሲ በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ ከዶፓሚን እጅግ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በተራ ካርቦን ላይ ደግሞ ሁለቱ ኤሌክትሮናቸውን የሚሰጡት በሚቀራረብ ቮልቴጅ ነው። ዩሪክ አሲድም ከእነሱ ጋር ይጋፋል። የሦስቱ ምልክቶች አንድ ላይ ተደርበው አንድ ጉብታ ይሆናሉ።

ናኖቲዩብ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። በ1996 ብሪቶ፣ ሳንታናምና አጃያን የካርቦን ናኖቲዩቦችን ኤሌክትሮድ አድርገው ዶፓሚን ላይ ሞከሩት። ምላሹ ፈጣንና ግልጽ ነበር። ከዚያ በኋላ ጎርፍ ሆነ። ናኖቲዩብ ሲቀቡበት ጉብታው ለሦስት ተከፈለ፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ታየ፤ ፀረ ተባይ፣ መድኃኒት፣ ከባድ ብረት ሁሉ ተለካ። በየጽሑፉ «ኤሌክትሮካታሊቲክ ውጤት» የሚል ሐረግ እንደ ማኅተም ይቀመጥ ነበር። ውጤቱ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ብዙ አልነበረም።

ከጠየቁት መካከል የኦክስፎርዱ ሪቻርድ ኮምፕተን ቡድን ይገኝበታል። ሙከራቸው ቀላል፣ ቅጣቱ ከባድ ነበር። አንድ የግራፋይት ቁራጭ ወስደው ልሙጥ ገጹን ሲያሰሩት ይለግማል፤ ያንኑ ግራፋይት አዙረው የንጣፎቹ ጠርዝ ከፈሳሹ ጋር እንዲገናኝ ሲያደርጉት ልክ እንደ ናኖቲዩብ ይሠራል። ከዚህ ተነስተው በናኖቲዩብም ቢሆን የሚሠሩት የተከፈቱት ጫፎቹና ጉድለቶቹ ናቸው አሉ። ለብዙ ምላሽ ያ ሁሉ ውድ ቱቦ የሚያደርገውን ርካሽ ግራፋይት ጠርዙን አዙሮ ሲቀመጥ ያደርገው ነበር ማለት ነው።

የባሰው ገና ነበር። ናኖቲዩብ የሚያድገው በብረት፣ በኮባልት ወይም በኒኬል ቅንጣት ላይ ነው። አምራቾች በአሲድ አጥበናል ይላሉ፤ ነገር ግን ከቅንጣቶቹ አንዳንዱ በካርቦን ተሸፍኖ ስለሚቀር አሲድ አይደርስበትም። በ2006 የኦክስፎርድ ቡድን የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና የሃይድራዚን ልኬት ላይ ለናኖቲዩብ የተሰጠው ምስጋና የብረት ቅሪቱ መሆኑን አሳየ። ፑሜራም የወፍ ኩሱ ሐሳብ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ይህንኑ የቅሪት ጉዳይ ሲያሳድዱ ነበር። ሌሎች የናኖቲዩብ ውጤት ብለው ያሳተሙት ስንቱ የዝገት ውጤት እንደነበር ማንም ተመልሶ አልቆጠረውም፤ መቁጠር ለማንም አይጥምም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ ይመስላል፤ ጠርዙ ይሠራል፣ መሐሉ ይተኛል፣ የቀረው እድፍ ነው። የመማሪያ መጻሕፍትም እንዲያ ብለው ሊጽፉት ተቃርበው ነበር። የዎሪክ ዩኒቨርሲቲዎቹ ፓትሪክ አንዊንና ባልደረቦቻቸው ግን ሌላ ነገር አዩ። እነሱ የሚለኩበት ዘዴ ከጫፉ ጥቃቅን ጠብታ የሚያንጠለጥል የመስታወት ፒፔት ነው፤ ጠብታዋ ገጹን ቦታ በቦታ እየነካች የእያንዳንዱን ቦታ ትጋት ለብቻው ታነባለች። በፕላስተር አሁን የተገነጠለ፣ አየር ገና ያልዳሰሰው ግራፋይት ላይ ሲለኩ መሐሉ አልለገመም፤ በብዙ ምላሾች በትጋት ሠራ። ጥቂት ቆይተው ሲለኩ ግን ደከመ።

ምክንያቱን ከሌላ አቅጣጫ ያገዘ ሥራ ከፒትስበርግ በ2013 ወጣ። አዲስ የተገነጠለ ግራፋይት ውሃን ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ይወዳል፤ ነገር ግን በአየር ውስጥ የሚንሳፈፉ የነዳጅ ዘር ሞለኪውሎች በደቂቃዎች ውስጥ ይሸፍኑትና ውሃ ጠል ይሆናል። ለዘመናት «ግራፋይት ውሃ ይጠላል» የተባለው በከፊል ስለ ክፍሉ አየር የተነገረ ነበር። ስለዚህ መሐሉ ሰነፍ ሆኖ የታየው በተፈጥሮው ሳይሆን በለበሰው ቅባት ሊሆን ይችላል። ዶፓሚን ራሱ ደግሞ ኤሌክትሮኑን ከሰጠ በኋላ ወደ ጥቁር ፖሊመር እየተለወጠ ገጹን ይደፍነዋል፤ የሚለካው ነገር መለኪያውን ያበላሻል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ ከሁለቱም ወገን የሚቆሙ ጥሩ ጥሩ ቡድኖች አሉ። የሁለቱም መረጃ ግን አንድ ነገር ላይ ይገናኛል። ካርቦን እንደ ሜርኩሪ ጠብታ ራሱን አያድስም፤ የደረሰበትን ሁሉ ይዞ ይቆያል፤ ሳይነገር የቀረ የአንድ ሰዓት ልዩነት የአንድን ጽሑፍ መደምደሚያ ሊገለብጥ ይችላል።

ስትሪፑ የሚጣለው ስለዚህ ነው። የስኳር መለኪያ አምራቾች የካርቦንን ጠባይ አላሸነፉም፤ አንድ ዓይነት ገጽ በሚሊዮን ቁጥር አትመው፣ አሽገው፣ አንዴ ብቻ በመጠቀም አመለጡት። የሚፈተኑበትም መስፈርት ጥብቅ ነው። አይኤስኦ 15197 የተባለው የ2013 መስፈርት እንደሚለው ከንባቦቹ ቢያንስ 95 በመቶዎቹ፣ ስኳሩ በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ሲሆን ከእውነተኛው በ15 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ሲሆን በ15 በመቶ ክልል ውስጥ መውደቅ አለባቸው። በየመጽሔቱ «እጅግ ስሱ» ተብሎ የሚታወጅ አዲስ ሴንሰር በዚህ ወንፊት ውስጥ ቢገባ አብዛኛው አያልፍም። ስሱነት አይጎድለውም። የሚጎድለው ነገ የሚሠራው ከዛሬው ጋር አንድ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ናኖካርቦን ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ቦታውን ያገኘባቸው ስፍራዎች አሉ። አንጎል አንዱ ነው። ዛሬ ዶፓሚንን የሚከታተሉት ሰባት ማይክሮሜትር ገደማ በሚሰፋ የካርቦን ፋይበር ሲሆን፣ በሰከንድ አሥር ጊዜ ቮልቴጁን ሽቅብ ቁልቁል ያስሮጡታል። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የጂል ቬንተን ቡድን ፋይበሩን ከናኖቲዩብ በተፈተለ ክር ሲተካው፣ ልኬቱን ከዚያ በላይ ቢያፈጥኑትም ስሱነቱ እንደ ፋይበሩ አልወረደም። ሞለኪውሉ በክሩ ሸካራ ገጽ ላይ ባሉት ስርጉዶች ውስጥ ለቅጽበት ይያዛልና ከመሸሹ በፊት ደግሞ ይለካል። ጠርዝና ስርጉድ እዚህ ሆን ተብሎ የተፈለገ፣ ምክንያቱም የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ጋዝ ነው። በ2000 የስታንፎርዱ ሆንግጂ ዳይ ቡድን አንዲት ናኖቲዩብ አሞኒያ ወይም ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሲደርስባት የኤሌክትሪክ መተላለፊያ አቅሟ እንደሚለዋወጥ አሳየ። በኤምአይቲ ቲሞቲ ስዋገር ይህን ይዘው ፍራፍሬ ሲበስል የሚለቀውን ኤቲሊን የሚያሸት ሴንሰር ሠሩ፤ በ2012 ደግሞ ናኖቲዩብን ጨምቀው የእርሳስ ቀሰም አደረጉትና ወረቀት ላይ መስመር በማስመር ብቻ የጋዝ ሴንሰር መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። ሦስተኛው የራይሱ ጄምስ ቱር ሌዘር ነው። በ2014 ፖሊኢሚድ የተባለውን ፕላስቲክ በተራ የዎርክሾፕ ሌዘር በማቃጠል ብቻ ገጹን ወደ ቀዳዳማ ግራፊን ለወጡት፤ በ2018 ያንኑ በኮኮናት ቅርፊት፣ በድንችና በተጠበሰ ዳቦ ላይ ደገሙት። ዳቦው የዜና ማሞቂያ ነው፤ ፕላስቲኩ ግን ያለ ማተሚያና ያለ ቀለም ኤሌክትሮድ ለመሣል መንገድ ከፍቷል፤ ቆዳ ላይ ተለጥፈው ላብን በሚለኩ ሴንሰሮች ላይ የሚሠሩ ቡድኖች ወዲያው ተረከቡት።

ናኖቲዩብ በብዛት የሚሸጠው ግን ለሴንሰር አይደለም። በስልክና በመኪና ባትሪ ውስጥ፣ የሊቲየም ኤሌክትሮድ ዱቄት ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ እንዲገናኙ ከሌላው ነገር ጋር ተለውሶ ይገባል። እዚያ ማንም ስለ ጠርዝና መሐል አይከራከርም፤ ቢያስተላልፍ በቂ ነው። ናኖቲዩቡን የሚያመርቱ ሠራተኞች ግን ሌላ ነገር ያሳስባቸዋል። በ2008 የኤድንበርግ ተመራማሪዎች ረጃጅምና ግትር ናኖቲዩቦች በአይጥ ሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ አስቤስቶስ የሚያደርገውን ዓይነት ቁስለት እንደሚያስከትሉ አሳዩ፤ በ2014 የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ኤምደብሊውሲኤንቲ-7 የተባለውን አንዱን ዓይነት በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል በሚለው «2ቢ» ምድብ ውስጥ አስገባው። ስትሪፕ ላይ ተጣብቆ የደረቀው ሳይሆን በፋብሪካ አየር ውስጥ የሚበነው ነው የሚያሰጋው፤ ናኖቲዩብን በደፈናው መርዝ ነው ወይም አይደለም የሚሉ ርእሶች ይህን ልዩነት ይዘሉታል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርቡ ምናልባት የባሕር ዳሩ ሥራ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 የኢትዮጵያ ቡና ናሙናዎችን ካፌይን የሚለካ ኤሌክትሮድ አሳተሙ። መሠረቱ ግላሲ ካርቦን፣ ማለትም እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ካርቦን ነው፤ የተቀባው ደግሞ ሊግኒን፣ እንጨትን እንጨት የሚያደርገውና ወረቀት ፋብሪካዎች እንደ ተረፈ ምርት የሚያወጡት ነገር። ናኖቲዩብ የለበትም፤ ወርቅም የለበትም። በተለመደው መንገድ ካፌይንን ለመለካት ውድ የክሮማቶግራፊ መሣሪያ፣ አምድና ከውጭ የሚመጣ ፈሳሽ ይጠይቃል።

ካፌይን ለኤሌክትሮድ አስቸጋሪ ነው። ኤሌክትሮኑን የሚሰጠው 1.4 ቮልት አካባቢ ላይ ሲሆን፣ እዚያ ውሃው ራሱ ሊፈርስ ይቃረባልና የጀርባው ከረንት ምልክቱን ሊውጠው ይፈልጋል። ሊግኒኑ የካፌይኑን ምልክት ከዚህ ጫጫታ በላይ ያወጣዋል። ቡናው ውስጥ ከካፌይን ሌላ ብዙ ነገር ስላለ ደግሞ እነዚያ እንዳይቀላቀሉ ማረጋገጥ አለ። ኤሌክትሮኬሚስቶች ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚመጣ፣ የማይታለፍ ሥራ አለባቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ ላይ የአሉሚና ዱቄት በትነው የኤሌክትሮዱን ጫፍ መፈተግ፣ ማጠብ፣ መፈተግ። ይህን ያልተማረ ተማሪ የቀደመውን ልኬት ቅሪት ይለካል።

ከእንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ እስከ ቡና ላኪው ጠረጴዛ ድረስ ያለው መንገድ በአዲስ ንጥረ ነገር አያጥርም። ሊግኒኑ በእጅ ሳይሆን በማተሚያ መቀባት አለበት፤ መቶኛው ስትሪፕ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ማንበብ አለበት፤ ታሽጎ መጋዘን ውስጥ ወራት የቆየው፣ ገጹ አየር ሳይጠጣ፣ ዛሬ ከታተመው ጋር አንድ ቁጥር ማውጣት አለበት። የስኳር ስትሪፕ ከክላርክ ሐሳብ እስከ ገበያ ለመድረስ ሃያ አምስት ዓመት የፈጀው በአብዛኛው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ናኖቲዩብም ግራፊንም ለዓለም ገና አልተዋወቁም ነበር።